የቀዘቀዘ እግር

የደም ሥር ቀዶ ጥገና ክፍል ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጓንት አጥልቄ፣ የመድኃኒት ትሪ ይዤ ለመርፌ ተዘጋጅቼ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አልማዝ ትሪውን ተቀበለችኝና፣ «ጓንቱን አውልቂው። ዛሬ ሥራሽ እግር መንካት ነው» አለችኝ።

ቀኑን ሙሉ እግር ስነካ ዋልኩ። ሁለት ጣት ከእግር በላይኛው በኩል ይቀመጣል፤ ትርታው ሲገኝ ቦታው በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግበታል፤ ተረኛው ሁሉ እዚያው ላይ ይፈልጋል። ማዋለጃ ክፍል ሕፃን ስቀበል ቆይቼ እዚህ የሽማግሌ እግር ስዳብስ መዋሌ አናዶኝ ነበር። ቤቴ ሰሚት እስክደርስ ታክሲ ውስጥ ሳጉረመርም ነበር የሄድኩት።

ሥራው የገባኝ ቀስ በቀስ ነው። የእግሩ ደም ሥር የጠበበ ሰው ትንሽ እንደሄደ ሕመም ባቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ሲቆም ይለቀዋል። የእኛ ሰው ደግሞ መታመሙ እንዳይታወቅበት፣ ለመቆሚያ ሰበብ እንዲሆነው ሰላምታ ያበዛል። አቶ ሰይድ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ከታክሲ ወርደው ሱቃቸው እስኪደርሱ ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። ጎረቤቶቻቸው ዕድሜ ሰው ወዳድ አደረጋቸው እያሉ ሲያሟቸው ከርመዋል።

እኛ ጋ ሲመጡ የቀኝ እግራቸው ትንሿ ጣት ጠቁራለች፤ እግሩም ቀዝቅዟል። ቀዶ ሐኪሙን ዶክተር ሐጎስን ገና ሲያዩት፣ «የምትቆርጠው ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ፤ ቤቴ ልሂድ» አሉት።

«ጣትዎ አልቆላታል፤ እሷን አላተርፍም» አላቸው። «እግርዎን ግን ማዳን እፈልጋለሁ። ከጭንዎ ደም ሥር ወስጄ የተዘጋውን አልፎ የሚሄድ ሌላ መንገድ እሠራለሁ።»

ተስማሙ። ቀጠሮ ተያዘ።

በዋዜማው በጥየቃ ሰዓት ወደ አልጋቸው ስሄድ ብርድ ልብሱ እግራቸው ላይ አብጦ አየሁ። ገለጥኩት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሀራ የፈላ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው፣ በሻርፕ ጠቅልለው ተረከዛቸው ሥር አድርገውታል። ተረከዙ ውሃ ቋጥሯል። አቶ ሰይድ ምንም አልተሰማቸውም፤ ጋዜጣቸውን እያነበቡ ነበር።

ዶክተር ሐጎስን ጠራሁትና መጣ። ቁስሉን አገላብጦ አየና ኮሪደር ላይ ወስዶኝ፣ «ነገ ቀዶ ጥገና እንገባለን» አለኝ። «ደሙ ካልወረደ ግን ይህ ተረከዝ አይድንም። ያኔ ከጉልበት በታች መቁረጤ ነው፤ ለእሳቸውም ልነግራቸው ይገባል።»

ሲነገራቸው አቶ ሰይድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ወይዘሮ ዘሀራ ላይ ልወርድባቸው ተዘጋጅቼ ነበር። ትኩስ ነገር ክልክል መሆኑ ባላቸው አልጋ ሲይዙ ተነግሯቸዋል፤ እሺ ብለዋል። እሳቸው ግን ቀደሙኝ።

«ወላሂ በርዶት ነው። እግሩን ስነካው እኮ በረዶ ነው። የበረደው ሰው አይሞቅም እንዴ ልጄ?»

ቁጣዬ በረደ። ጥያቄያቸው የጤነኛ ሰው ጥያቄ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩና እጃቸውን ይዤ እግሩ ላይ አደረግሁት።

«እትዬ ዘሀራ፣ ይህ እግር ብርድ አልገባውም፤ ደም አልደርስ ብሎት ነው። ሲያሞቁት ሥጋው ተጨማሪ ደም ይፈልጋል፤ የሚመጣለት ግን የለም። ደግሞ ደንዝዟል፤ ቢቃጠልም አያስታውቅም።»

«ታዲያ እንዲህ ብላችሁ ንገሩን እንጂ» አሉኝ።

በማግስቱ ቀዶ ጥገናው ረዘመ። ወይዘሮ ዘሀራ ኮሪደሩ ላይ ዱዓ ሲያደርጉ ዋሉ። አቶ ሰይድ ወደ ክፍላችን ሲመለሱ ሁለት ጣቴን እግራቸው ላይ አስቀመጥኩ። ምንም የለም። ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ አደረግሁ። እዚያ አገኘሁት፤ ቀጭን ትርታ ነው፣ ግን አይቋረጥም። በእስክሪብቶ ምልክት አደረግሁበት።

ወይዘሮ ዘሀራን ጠራኋቸው። «ይንኩት» አልኳቸው።

መዳፋቸውን አሳረፉበት። «ሞቀ» አሉ ቀስ ብለው፤ «ማንም ሳያሞቀው ሞቀ።» እኔ አለቀስኩ፤ በሥራ ላይ አይለቀስም የሚሉኝ ካሉ ይበሉ።

ጣቷ ሄደች። ተረከዙ ብዙ ጊዜ ወስዶ ዳነ፤ ቁስሉን ስናጥብ ወይዘሮ ዘሀራ በየቀኑ ከጎናችን ቆመው ያዩ ነበር። አቶ ሰይድ ከሆስፒታል የወጡት በሁለት እግራቸው ቆመው ነው።

ከዚያ ወዲህ በእኛ ክፍል እንዲህ እንሠራለን። እግሩ የቀዘቀዘ በሽተኛ አልጋ ሲይዝ መጀመሪያ የአስታማሚውን እጅ እግሩ ላይ እናደርግና ለምን እንደቀዘቀዘ እንነግረዋለን፤ ክልክሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚነገረው።

እናንተ አዲስ የምትመጡ ነርሶችም እንዲሁ አድርጉ። ታሞ የተኛውን ሰው ከእኛ ይልቅ አብዝቶ የሚነካው ቤተሰቡ ነው።