ፀሐይ ያጎበጠው ዲስክ

እልኸኛ ነሽ ይሉኛል። ነኝ። አዋሽ ላይ ኮምፒውተር እያስተማረ እልኸኛ ያልሆነ ሰው ካለ፣ ሥራውን ለቆ ሄዷል ማለት ነው።

አንድ ዓመት ርዕሰ መምህራችን የኮምፒውተር ክፍሌን የሲሚንቶ ማስቀመጫ ሊያደርገው ቆርጦ ተነሣ። ኮምፒውተሮቹ ተራ በተራ አልነሣ ብለው ነበር። «ሞተዋል። እስከ ሰኞ አንዱ እንኳ ካልሠራ ክፍሉን ታስረክቢያለሽ» አለኝ። የተበላሸው ሶፍትዌሩ እንጂ ዕቃው አይደለም ብል ማን ይስማኝ?

መድኃኒታቸው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን ነው። አሮጌዎች ስለሆኑ ደግሞ በፍላሽ አይነሡም፤ ዲስክ ካልጎረሱ እሺ አይሉም። የእኛ ኢንተርኔት ያን የሚያህል ፋይል አውርዶ አይጨርስም። ስለዚህ ሰመራ የምትሠራ የኮሌጅ ጓደኛዬ አወረደችልኝ፣ ዲስክ ላይ ጻፈችው፣ ከዚያም እንደ አገሩ ወግ ለጅቡቲ መስመር ሹፌር ሰጠችው። በዚህ መንገድ መድኃኒቱም፣ ጫማውም፣ የሠርግ ካርዱም የሚሄደው በሹፌር እጅ ነው።

ሹፌሩ ከባድ መኪናውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቁሞ ዲስኩን በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«ወላሂ መምህርት፣ እንደ እንቁላል ነው የያዝኩት። ዕቃ እንዳይጫነው ብዬ ከፊቴ፣ መስታወቱ ሥር አስቀመጥኩት።»

የአፋር ፀሐይ መንገዱን ሙሉ ሲቀቅለው ውሏል። ዲስኩ ጎብጧል። አመሰገንኩት፤ ምን እላለሁ? መኪናው ሲሄድ ግን ከንዴቴ ብዛት እንባዬ መጣ።

ርዕሰ መምህሩ የጎበጠውን ዲስክ አይቶ ሳቀ። «በቃ፣ ፈጣሪም አልፈለገውም።»

«ፈጣሪን ይተዉት። እስከ ሰኞ ብለዋል፤ ዛሬ ገና ዓርብ ነው» አልኩት።

ቅዳሜ በሚኒባስ ሰመራ ገባሁ። ጓደኛዬ ፋይሉን አላጠፋችውም ነበር። ነገሩ ዘፈን እንደ መገልበጥ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ከዲስኩ እንዲነሣ ፋይሉ እንደ ኢሜጅ፣ ማለትም እንደ ሙሉ የዲስክ ግልባጭ፣ መጻፍ አለበት። ስህተት እንዳይገባበት ፍጥነቱን ዝቅ አድርገን አዲስ ዲስክ ላይ ጻፍነው። እሑድ ስመለስ በነጠላዬ ጠቅልዬ ታቀፍኩት፤ በጥላው በኩል ካልሆነ አልቀመጥም ብዬ ከረዳቱ ጋርም ተጣላሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ምንድን ነው እንዲህ የታቀፍሽው ልጄ?» አሉኝ።

«ክፍሌ ነው» አልኳቸው።

ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ሲሚንቶ የተሸከሙ ሁለት የቀን ሠራተኞች አስከትሎ ሲመጣ፣ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ዲስኩን እያጓራ ያነብ ነበር። ስክሪኑ ጠቁሮ ቆየ። ፈራሁ፤ አልዋሽም። ከዚያ በራና ቋንቋ ምረጪ አለኝ።

«አንዱ ቢነሣ ምን ዋጋ አለው? የቀሩትስ?» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«በዚሁ ዲስክ፣ አንድ በአንድ።»

ሠራተኞቹ ከረጢቱን ትከሻቸው ላይ እንደያዙ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ያያሉ። ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ሲሚንቶው ከብዷቸዋል፤ ቶሎ ሌላ ቦታ ይፈልጉላቸው» አልኩትና በሩን ከውስጥ ዘጋሁት።