የደምሰውን ብሬከር ያወረድኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ስናገር እንኳ ይቺን ውጬ ነው የተነሣሁት። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ፊደሌ ቢንጋደድ እለፉኝ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ነው፤ ከልጄ ከሰላም ጋር። ከላያችን ያለው ደምሰው በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ሲገዛ የሕንፃው ሰው ተሰብስቦ ተጨቃጨቀ። በመጨረሻ ከራሱ ቆጣሪ ወፍራም ገመድ አውርዶ፣ የራሱን ብሬከር፣ መብራት መቁረጫውን፣ አስገጥሞ ግቢ ውስጥ ቻርጅ እንዲያደርግ ተፈቀደለት። የቆጣሪ ሳጥኑ ቁልፍ ለእኔ ተሰጠኝ፤ ቤቴ መግቢያው ላይ ነው፣ ብዙም አልወጣም። ለባለቤቱ ሳይነግሩ ብሬከር ማውረድ ክልክል ነው ተባለ። እጄን አውጥቼ ደግፌአለሁ።

ደምሰው ፍርሃቴን አይቶ፣ «እትዬ አስካለ፣ ትልቅ ስልክ ነው ብለው ያስቡት» አለኝ።

«ስልክም ይፈነዳል አሉ።»

ሳቀ። «እንግዲያው የሚሸት ነገር ካለ ይጥሩኝ። በሩን ቢደበድቡትም አልቆጣም።»

አልጠራሁትም።

ሳጥኑ ያለው የሰላም አልጋ ከተጠጋበት ግድግዳ ጀርባ ነው። አንዷ ጎረቤት በስልኳ የሚነድ መኪና አሳይታኝ ነበር፤ እሱ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ደምሰው ከአዲስ አበባ ገባ፤ መኪናውን ሰክቶ ወደ ላይ ወጣ። ሳጥኑ እዝዝ ማለት ጀመረ። ሸተተኝ? አልሸተተኝም። ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። ታዲያ ምን አገኘሁበት? ምንም። ከፈትኩና ብሬከሩን አወረድኩት። በዚህ እጄ አወረድኩት። ወጥቼ ልነግረው አልኩና ደግሞ ይስቅብኛል ብዬ ተውኩት። ጠዋት እመልሰዋለሁ አልኩ።

ሊነጋጋ ሲል እናቱ አንኮበር ታመሙ ብለው ደወሉለት። እየሮጠ ወረደ። እኔ በሩ ላይ ቆሜአለሁ።

«መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ እትዬ? ቻርጁ ምንም አልጨመረም።»

«እንጃ ልጄ» አልኩት።

እንጃ። ሌላ መኪና እንፈልግ አላልኩም። እሱ እንደወጣ ብሬከሩን መለስኩት። ባለችው ቻርጅ ሄደ፤ ደረሰም። እናቱን ከኋላ አስተኝቶ ሲመለስ ግን አቀበቱና ብርዱ ቻርጁን ጨረሱት። መኪናው መንገድ ላይ ቆመ። ሌላ መኪና እስኪገኝ እናቱ እቅፉ ውስጥ አረፉ።

ለቅሶ ቤት አጠገቤ ተቀምጦ፣ «እኔ ነኝ የገደልኳት እትዬ። ቻርጁ ማነሱን እያየሁ ነው የወጣሁት» አለኝ። እኔስ ምን አልኩት? «የእግዜር ፈቃድ ነው ልጄ።» የእጄን ሥራ ለእግዜር ሰጠሁት። ብሬከሩን ሳወርድ ፈርቼ ነው፤ ይህን ስለው ግን ለማን ፈርቼ ነው? ለራሴ ብቻ።

መኪናውን ሸጠው። አሁን ሌሎች ጎረቤቶችም እንደዚያ ዓይነት ገዝተዋል፤ ትናንት ስለ ሕጉ ስንሰበሰብ ደምሰው ራሱ ተነሥቶ፣ «ቁልፉ እትዬ አስካለ ጋ ይቆይ፤ እንደሳቸው የሚጠነቀቅ የለም» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ለልጄ ፈርቼ ነው ብዬ አላመካኝም፤ እሳቸውም የሰው እናት ነበሩ። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የተበደለው ከላዬ ነው ያለው፣ እርምጃው ይሰማኛል። ቢረግመኝስ? ሰላም ብትሰማስ? ይህን ስጨርስ ቁልፉን ይዤ እወጣና በሩን እደበድባለሁ። አልቆጣም ብሎኝ ነበር። ያኔ ግን እናቱ በሕይወት ነበሩ።