የጫካው ሾፌር

ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር በጫካው ደልዳላ መንገድ ብስክሌት ሲነዱ፣ ኩርባ በደረሱ ቁጥር በአፋቸው ጡሩምባ ይነፋሉ፤ ዛፍ ሲቀድሙም እጃቸውን አውጥተው ምልክት ያሳያሉ። ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል፤ የሱሪያቸው ጫፍ ካልሲ ውስጥ ገብቷል።

ዛሬ የጫካው መግቢያ በር ጥበቃ መንገድ ዘጋባቸው።

«አባባ፣ ልጅዎ ‹አባዬ ይወድቃል፣ እንዳታስገባው› ብላኛለች።»

«ሶፋ ላይም ይወደቃል እኮ፣ ልጄ! ያውም ሳይነሱ።»

ሽማግሌ ሁሉ ወንበር ላይ ተሰፍቶ ይቅር ብሎ ማን ፈረደ? ጥበቃውም አፈረና እየተነጫነጨ መዝጊያውን አነሳ። ሾፌሩ ግን ፔዳሉን እንደረገጡ ንቅንቅ አላሉም።

«ደግሞ ምን ይጠብቃሉ?»

«ረዳት ሳይናገር ይነዳል እንዴ?»

ጥበቃው የባሰ ተናዶ የኋላውን ፓራፋንጎ በመዳፉ ደለቀና «ሳበው!» ብሎ ጮኸ።