አንድ ሚሊዮን አንድን ማን ያካፍለዋል?

ዘጠነኛ ክፍል ተመልሼ የገባሁት በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጠዋት ግማሽ ዕድሜዬን ከሚሆኑ ልጆች ጋር እማራለሁ፤ ከሰዓት አማኑኤል ከተማ፣ መንገድ ዳር ካለ ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ።

አንድ ቀን የሒሳብ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ 1,000,001 ብሎ ጻፈና «ይህ ብቸኛ ቁጥር ነው» አለ። ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም ማለቱ ነው።

«ቲቸር፣ በምን አወቁ?» አልኩ።

«ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአምስት፣ ለሰባት አይካፈልም። ሌላ ምን ቀረ?»

«ኧረ ብዙ ቀረ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ፈገግ ብሎ አለፈ። ሳቁ አንገበገበኝ። መልሱን ሳላገኝ እንደማልተወው ለራሴ ነገርኩት።

ቅዳሜ ሥራ ሲቀዘቅዝ ቅድ የማወጣበትን ወረቀት ዘርግቼ ማካፈል ጀመርኩ። ብቸኛ ቁጥሮችን ብቻ መሞከር ይበቃኛል፤ ለስድስት የሚካፈል ለሁለትም ይካፈላልና። ሺ በሺ ሲባዛ ሚሊዮን ስለሆነ ደግሞ ተባዝተው ቁጥሩን ከሚሰጡት ሁለቱ አንዱ ከሺ አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልገኝም። አሥራ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ምንም ሳይተርፍ አለቀ።

«አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ።

የስፌት ቤቱ ባለቤት ቀና አሉ። በወጣትነታቸው ቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብ የተማሩ፣ የፋሲካን ቀን ራሳቸው አስልተው የሚያወጡ ሽማግሌ ናቸው።

«አሥራ ዘጠኝን ለእኔ ተይው» አሉ። «ዓመቱን ለአሥራ ዘጠኝ ሳካፍል ነው የኖርሁት።» ወረቀቱን ስበው ቀስ ብለው ሠሩት። «አሥራ ሁለት ይተርፋል ልጄ። መቀነሱ ላይ ተሳስተሻል።»

«ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«ራስሽ ድገሚው።»

ደገምኩት። አሥራ ሁለት ተረፈ። ልቤ ቢሰበርም ቀጠልኩ፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ሠራሁ። እስከ ሰኞ ከሰዓት ዘጠና ሰባት ደረስኩ፤ ሃያ ስምንት ተረፈ። ከመቶ በታች ያሉት ሃያ አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች እንቢ አሉ። አስተማሪው እውነቱን ይሆን እንዴ? ብዬ ፈራሁ። ቢሆንም ገና ሺ አልደረስኩም። ቀጣዩ መቶ አንድ ነበር።

አንድም አልተረፈም። ሁለተኛም ሠራሁት፤ ሦስተኛም። መቶ አንድ ጊዜ ዘጠኝ ሺ ዘጠኝ መቶ አንድ።

ማክሰኞ ወረቀቱን ለአስተማሪዬ ሰጠሁት። ሰሌዳው ላይ አባዛው። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞረ።

«ተሳስቻለሁ» አለ፤ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ። «እሺ፣ ዘጠኝ ሺ ዘጠኝ መቶ አንድስ ራሱ ይካፈላል?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ወረቀቱን አየሁ፤ ከንቱ ድካም የመሰሉኝን ሃያ አምስት ሙከራዎች አየሁ።

«አይካፈልም» አልኩ። «እሱን የሚያካፍል ሁሉ ሚሊዮን አንድንም ያካፍላል። ከመቶ በታች ያሉትን ደግሞ ሁሉንም ሞክሬአለሁ። መቶ በመቶ አሥር ሺ ስለሚሆን፣ እሱ የሚካፈል ቢሆን ኖሮ ከመቶ በታች የሆነ አካፋይ ይኖረው ነበር። ስለዚህ ብቸኛው እሱ ነው።»

አስተማሪው ጠመኔውን ዘረጋልኝ።

«ነይና አንቺ አስረጃቸው» አለና ሄዶ እኔ ቦታ ተቀመጠ። ከሁለት ጀመርኩ።