የሀብቱ ሜዳይና የመጋዘኑ ቆርቆሮ

ባሌ ሀብቱ የጀግና ሜዳይ አለው። በኦጋዴን ጦርነት ከሚነድ ታንክ ውስጥ ሁለት ጓዶቹን ጎትቶ አውጥቷል። እንዴት አደረግኸው ሲሉት «ሌላው ወደዚያ ሲሮጥ እኔ ወደዚህ ሮጥኩ» ይላል፤ በቃ፣ ስለ ጦርነቱ ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። ሜዳዩን ይዞ ወሎ የገባ ለት እናቱ እልልታዋን አቀለጠችው አሉ። እኔ ያገባሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያገባሁትም ለጨዋታው እንጂ ለሜዳዩ አልነበረም።

ሜዳይ ደግሞ አይበላም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እንደ ሰዉ ሁሉ መኪና ላይ ተጭነን አሶሳ ወረድን። ቁጥር እንጂ ስም የሌላት መንደር ሰጡን። ላገሩ እንግዳ፣ ለሰው ባዳ ሆነን ሳለ የእህል መጋዘን ሥሩ ተባልን፤ ቆርቆሮም መጣ። ወንዶቹ ቦታ መረጡ። የት? ከማንጎ ዛፎቹ ሥር! ጥላ ነው አሉ። የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰቧ ጎረቤቴ ኸድራ አይታ ሳቀች። «ውድነሽ፣ እዚህ አትሥሩ። ማንጎ ሲደርስ ይደበድባል።» ነገርኳቸው፤ ማን ሰምቶኝ! እኛ ደገኞቹ ማንጎ የት እናውቃለን?

እውነቷን ነበር። ማንጎው ደርሶ ነፋስ ሲነሳ ቆርቆሮው እንደ መትረየስ ይንጣጣል። ሰዉ ይስቃል። ሀብቱ ግን ፊቱ አመድ ይመስላል። «አብሽር፣ ማንጎ ነው» እለዋለሁ። በዚያ ወቅት መጋዘኑ ጋ አይደርስም፤ ዞሮ ነው የሚሄደው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የፈሩት ይደርሳል፤ በሰማንያ አንድ ሚያዝያ ላይ ካድሬ መጣና መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበን። «ጓድ ሀብቱን የመሰለ ጀግና እዚህ ማሽላ ሲያርም አይቀመጥም! የሰሜን ግንባር ይፈልገዋል፤ ነገ ከእኔ ጋር ይሄዳል» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ሆዴ ገፍቶ መውለጃዬ ደርሷል። ሀብቱ ሜዳዩን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመና «እሺ» አለ። እሺ! የኔ ጅል!

ካድሬው ንግግሩን ሳይጨርስ ነፋሱ ተነሳ። ጧ! ጧጧ! ጧጧጧ! ካድሬው ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሀብቱ ተወርውሮ መጣና እኔን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀምጦ በላዬ ድንኳን ሆነ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ነፋሱ ካለፈም በኋላ ግን ሀብቱ አልተነሳም። እየተንሰቀሰቀ ታንኩ ውስጥ የቀረውን ሦስተኛ ጓዱን በስሙ ይጣራል። ያኔ ሳቁ ቆመ።

ካድሬው ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ አቧራውን አራገፈ። «እንዲህ ከሆነ ቆየ?» አለኝ።

«ከኦጋዴን ጀምሮ» አልኩት። «ፈሪ ነው እንዳትለኝ ብቻ! ማንን ሸፍኖ እንደወደቀ አይተሃል። አንተም የት እንደነበርክ አይተናል።»

ካድሬው ወደ ሀብቱ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ታሟል። ለግንባር አይሆንም፤ እዚሁ ይቅር» አለ።

«እልልልልል!» አልኩ፣ እዚያው መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ።

ሀብቱ ፊቱን በክንዱ እየጠረገ፣ «ኧረ አንቺ ሴት! አይሆንም ለተባለ ሰው እልል ይባላል?» አለኝ።

«ያኔ እናትህ ብላልሃለች» አልኩት። «ይሄ የኔ ነው።»