ቬርና በተማሪ ዩኒፎርም ፍርድ ቤት ቀረበች

የቬርና ቻርለሪ ችግር እንዲህ ነበር። የላ ፎርቹን ከተማ ስድስት ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርም ከአንድ ፋብሪካ ብቻ እንዲገዛ ተዋዋሉ። ቬርና ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሰፋ የኖረችው የተማሪ ሽንሽን ቀሚስ ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

እንዲህ ያለው ውል ላ ፎርቹን ባለችበት ደሴት ሕግ ክልክል ነው። የውድድር ኮሚሽኑ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል ብሎ ከፈቀደ ግን ይጸናል። ኮሚሽኑም፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት ይሆናል፣ ዋጋውም ይረክሳል ብሎ ለአምስት ዓመት ፈቀደ። ቬርና ከአራት ልብስ ሰፊዎች ጋር ሆና ፍርድ ቤት ሄደች።

"የፋብሪካውንና የኔን ቀሚስ ይዤ እገባለሁ። ዳኛዋ ዳብሳ ትለይ!" አለች።

ጠበቃዋ ሻዛራ ሞሃን የቬርናን ስፌት ለብሳ ያደገች ልጅ ናት፤ እንደ ከተማው ሰው ሁሉ "ታንቲ"፣ አክስቴ፣ ትላታለች። "ታንቲ፣ ዳኛዋ ልብስ አያዩም እኮ።"

"ሳታይ ልትፈርድ ነው?"

"የሚያዩት መዝገቡን ነው። የቱ ቀሚስ ይሻላል አይሉም። ኮሚሽኑ የሚጎዱትን ሰምቷል ወይ? ላለው ነገር ማስረጃ ነበረው ወይ? በቃ፣ ይኸው ነው።"

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ ጉዳዩ ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው! ለቬርና ግን አልተዋጠላትም። በቀጠሮው ቀን በራሷ ልክ የሰፋችውን ሰማያዊ የተማሪ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጭ ካልሲዋን እስከ ጉልበቷ ስባ ከች አለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ነው።

"ስንተኛ ክፍል ነዎት ታንቲ?" አላት የበሩ ጥበቃ።

"እየደገምኩ ነው፤ ዞር በል!"

ሻዛራ ስታያት በእጇ የያዘችውን ፋይል ፊቷ ላይ ደፋችው። ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩ። "እሜቴ፣ ሽንሽኑ ያምራል። መዝገቡ ውስጥ ግን የለም።"

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ።

መዝገቡ ውስጥ የነበረው ሌላ ነው። ሻዛራ ከኮሚሽኑ ውሳኔ አንድ መስመር አነበበች፦ "ተቃውሞ ያቀረበ ወገን የለም።" ቀጥላ ከዚያው መዝገብ የወላጆችንና የልብስ ሰፊዎችን አርባ አንድ የተቃውሞ ደብዳቤዎች አሳየች። ሁሉም ላይ የገቢ ማኅተም አለ፤ ቀኑ ከውሳኔው በዘጠኝ ቀን ይቀድማል።

"ማኅተሙን የመታው ማነው?" አሉ ዳኛዋ።

"እኛው ነን፣ ክብርት ዳኛ" አለ የኮሚሽኑ ጠበቃ።

"ያነበበውስ?"

ጠበቃው ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።

ፈቃዱ ተሻረ። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ የተጠበሰ ዓሣ የሚሸጠው ሌኖክስ ለቬርና ቀዝቃዛ ሞቢ፣ ከዛፍ ቅርፊት የሚፈላውን መጠጥ፣ ቀዳላት። "አሸነፍሽ አይደል!"

"ገና ነው። ኮሚሽኑ እንደገና ሰምቶ ይወስን ነው የተባለው።"

"ታዲያ ምን ያስፈነድቅሻል?"

"አሁን እኮ የግዳቸውን ይሰሙኛል!"

ኮሚሽኑ በመጪው ወር ይሰማል። የሚጠይቀውም ይታወቃል፦ አምስት ሴቶች ስድስት መቶ ቀሚስ አንድ ዓይነት አድርገው መስፋት ይችላሉ? ጨርቁን ከአንድ ጣቃ ቆርጠው ስለተከፋፈሉ ቀለሙ አያሳስብም። ከአምስቱ አስቸጋሪዋ ዩናይስ ናት፤ ሽንሽኗ ሁልጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ጣት ሰፋ ይላል። ቬርና ከካርቶን መለኪያ ቆርጣ ሰጠቻት፤ ዩናይስ "ዓይኔ ይበቃኛል" ብላ አስቀመጠችው። ዛሬ ጠዋት ቬርና አጠገቧ ተቀምጣ፣ መለኪያውን በገዛ እጇ ጨርቁ ላይ ይዛላት፣ አንድ ሽንሽን አሰፍታ ሁለተኛውን እያስጀመረቻት ነው።