ዝምታው የማን ነው?

በአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ ከተማ ትያትር የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ስኩል ባስ ይነዳል። እንዲህ የምትለው ራሷ ሾፌሯ ከበቡሽ ናት። ልጃገረድ ሳለች በቀበሌ ኪነት «እናት አገር»ን ሆና ስትጮህ ሊቀመንበሩ ሳይቀር ከእንቅልፉ ይነቃ ነበር። ይህን ያልሰማ ካለ ይነገረዋል።

ስለዚህ ያፌት የሚባለው፣ በርክ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ቤት እየሸጠ በትርፍ ጊዜው ትያትር የሚያዘጋጅ ሰው፣ የሬጊና ሽታይንሃርትን ተውኔት በአማርኛ ላሳይ ብሎ ሲነሣ፣ ከበቡሽ መሪ ተዋናይቷ እሷ እንደምትሆን ቅንጣት አልተጠራጠረችም። ሬጊና ከቪየና የተሰደደች አይሁዳዊት ደራሲ ነበረች። በአገሯ ናዚ፣ በስደት ድህነት፣ ከሞተች በኋላ ብል፤ ያላሳደዳት የለም። ተውኔቷ ስንት ዘመን ተረስቶ ቆይቶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በሚኖሩት የእህቷ ልጅ በሚስ ሩት ቤት፣ ከክረምት ልብስ ሥር ተገኘ።

ያፌት ግን መሪነቱን ለሮዳስ ሰጠ። ሮዳስ ወጣት ናት፤ በአማርኛ ቸርች ትዘምራለች፤ ስትስቅ ጉንጯ ይሰረጉዳል።

«እትዬ ከበቡሽ፣ አንቺ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነሽ ቃል ሲጠፋን ታቀብይናለሽ» አላት ያፌት። «ያንቺ ኤክስፒሪያንስ የሚያስፈልገን እዚያ ነው። ገጸ ባሕርይዋ እኮ የሠላሳ ዓመት ሴት ናት።»

«እኔስ ስንት መሰልኩህ?»

ያፌት ብልህ ነው፤ ስልኩ የጮኸ አስመስሎ ወጣ።

ቅናት መደብ አይለይም። ከበቡሽ አንጀቷ እያረረ ሮዳስን «የኔ ቆንጆ» ማለት ጀመረች። ቤቷ ስትገባ ደግሞ የሮዳስን ቃል ሁሉ፣ ከነለቅሶው፣ ለመስታወት ትጫወት ነበር። መስታወቱ ቅሬታ አላቀረበም።

በመክፈቻው ቀን ግማሹ ተመልካች የሮዳስ ቸርች ምዕመን ነበር። ከበቡሽ ይህንንም ሤራ ብላ መዘገበችው።

የባቡር ጣቢያው ትዕይንት ደረሰ። ገጸ ባሕርይዋ እናቷን ቪየና ትታ ልትሄድ ነው። «አትሸኚኝ እማዬ፤ የተሸኘ ሰው አይመለስም» ማለት አለባት። ሮዳስ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ የለም። ዓይኗን ወደ መጋረጃው ላከች። ከበቡሽ ቃሉን እንደ ከረሜላ ምላሷ ላይ ይዛ አየቻት።

«ጉንጭሽ ይናገርልሽ» አለች በሆዷ።

ሮዳስ ጨንቋት ዓይኗን ጨፈነች፤ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ምዕመናኑ የምትጸልይ መሰላቸውና አንገታቸውን ደፉ። አንዲት እናት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አሜን!» አሉ፤ አዳራሹ በሙሉ «አሜን!» ብሎ ተቀበለ። ያኔ ቃሉ ተመለሰላት፤ እያለቀሰች ተናገረችው። ከከበቡሽ በቀር ያላለቀሰ አልነበረም።

ትያትሩ ሲያልቅ ሚስ ሩት ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደ መድረኩ መጡ። «አክስቴ እዚያ ቦታ ላይ ዝምታ አልጻፈችም» አሉ በእንግሊዝኛ። «ብታየው ግን ደስ ይላት ነበር። የማን ሐሳብ ነው?»

«የኔ ዳይሬክሽን ነው» አለ ያፌት፣ ሳያፍር።

«የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ነው» አለች ሮዳስ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ።

ከበቡሽ ከመጋረጃው ጀርባ ትሰማለች። አርፋ ብትቀመጥ ማንም አያውቅባትም፤ ስንቱ ነውሩን ቀብሮ በክብር ይኖር የለም? ግን ምስጋናው ለሮዳስ ሲሄድ ቆማ ልታይ? ከዚያስ እርግማን ይሻላል! መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«የኔ ነው! ቃሉን እያወቅሁ የከለከልኳት እኔ ነኝ!»

«ስለመጡ ታመሰግናለች» ሲል ያፌት ለሚስ ሩት ተረጎመላቸው።

«ኖ! አትዋሽ!» አለችና፣ ባሱ ውስጥ ረባሽ ልጆች በምትገሥጽበት ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ አንድ በአንድ ደገመችላቸው።

«ሆን ብለሽ ነው እንዴ፣ እትዬ?» አለች ሮዳስ።

ሚስ ሩት ከበቡሽን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ከዚያ የፕሮግራሙን ወረቀት ገልብጠው፣ እስክሪብቶ አውጥተው ስሟን ጠየቁ። ለምስጋና ይሁን ለክስ ከበቡሽ አልጠየቀችም። ወደ ሮዳስም አልዞረችም፤ ስሟን ፊደል በፊደል እያስጻፈች ነበር።